ከዘንዶው የሸሸው ማን ነው?

በዚህ ከተማ መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ሰው «ምን እያነበብክ ነው?» መባሉ አይቀርም። የታሪክ መጽሐፍ ነው ካለ ይመሰገናል። የባለ ሥልጣን ማስታወሻ ነው ካለ «ስትጨርስ ለእኔ» ይባላል። የአስማተኛና የዘንዶ ልብ ወለድ ነው ያለ እንደሆነ ግን ጠያቂው ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ አሳምሬ አውቃታለሁ። «አይዞህ፣ ያልፍልሃል» የምትል ፈገግታ ናት። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ የተሰጠ መልስ ነው።

ፈረንጆች «ፋንታሲ» በሚሉት የልብ ወለድ ዓይነት ላይ በእኛ ዘንድ የሚቀርበው ክስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከኑሮ መሸሻ ነው። ሁለተኛ፣ የባዕድ ነው። ሦስተኛ፣ የልጅ ነው። ሦስቱንም ክሶች ሰሞኑን ባነበብኳቸውና ወደፊት ላነባቸው በደረደርኳቸው መጻሕፍት ፊት ላቁማቸው።

ከሽሽቱ ልጀምር። ባለፈው ክረምት የእንግሊዛዊውን የጄ. አር. አር. ቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» እንደገና አነበብኩት። ቶልኪን ጦርነትን በወሬ የሰማ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 በፈረንሳይ ምድር፣ በሶም ግንባር ምሽግ ውስጥ ነበር። ያ ጦርነት ሲያበቃ ከቅርብ ጓደኞቹ የተረፈለት አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ጥራዝ ያወጣው መጽሐፍ የሚተርከው ስለ አንዲት ቀለበት ነው። ቀለበቷ ሥልጣን ናት፤ ሌላውን የሚገዛባት ሁሉ መጨረሻው የእርሷ ባሪያ መሆን ነው። ቦሮሚር የሚባል አንድ ጀግና አለ። ክፉ ሰው አይደለም። አገሩ በጠላት ተከብባበታለች። «ለአገሬ መከላከያ፣ ለበጎ ነገር አውላታለሁና ቀለበቷ ለእኔ ትሰጠኝ» ባይ ነው፤ እምቢ ሲባል በጉልበት ሊነጥቅ ይነሣል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ ምክር ነው ባልን ነበር። መጨረሻው ግን የበለጠ ያስደነግጣል። ቀለበቷን እሳት ውስጥ ሊጥል ያን ሁሉ አገር በእግሩ ያቋረጠው ቅን ፍሮዶ፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ አልጥልም፣ የእኔ ናት ይላል! ቀለበቷ የጠፋችው በእርሱ ጽናት አይደለም፤ እርሷኑ የሚመኝ ሌላ ፍጡር ጣቱን ነክሶ ነጥቆት፣ ከነቀለበቷ እሳቱ ውስጥ ስለ ወደቀ ነው።

እስቲ ፈገግ ባዩን ልጠይቀው። ይህ ከምን መሸሽ ነው? በ1966 ዓ.ም. ያለ ደም ለውጥ እናመጣለን ብለው የተነሡት መኮንኖች፣ ንጉሡን ካወረዱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸኑ። ቦሮሚርን እኛ አናውቀውም? «ለበጎ ነገር አውላታለሁ» የሚለው ቃል ለጆሯችን እንግዳ ነው? ቶልኪን ስለ ተረት በጻፈው ድርሰት ላይ፣ ከእስር ቤት ለማምለጥ የሚያልም እስረኛና ከግንባር የሚከዳ ወታደር አንድ ተደርገው መታየታቸውን ተቃውሟል። እኔ ደግሞ እጨምራለሁ፤ ማምለጥን አጥብቆ የሚጠላው ሁልጊዜም የእስር ቤቱ ጠባቂ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። የባዕድ ነው፣ ከእኛ ጋር ምን አለው ይባላል። ከቶልኪን ቀጥዬ ያነበብኩት የአሜሪካዊቷን የኡርሱላ ለ ግዊንን «የኧርዝሲ አስማተኛ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ ነው። ጌድ የሚባለው ጀግናዋ የፍየል እረኛ የነበረ፣ ቆዳው የጠየመ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጽሐፉን በቴሌቪዥን ፊልም ያቀረቡት ሰዎች ነጭ አድርገው ሲያወጡት ደራሲዋ በአደባባይ ተቃውማለች። የእኔ ነገር ግን ከቆዳው አይደለም፤ ከአስማቱ ነው። በዚያ ዓለም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። የጭልፊትን እውነተኛ ስም ያወቀ ጭልፊትን ይጠራል። የሰውን እውነተኛ ስም ያወቀ ሰውየውን በእጁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ማንም እውነተኛ ስሙን ለማንም አይነግርም። ጌድ በትዕቢቱ ከጨለማ ያወጣው ጥላ ከደሴት ደሴት ያሳድደዋል። በመጨረሻ ዞሮ ሲገጥመው የሚያሸንፈው በሰይፍ አይደለም፤ ስሙን በመጥራት ነው። የጥላውም ስም የራሱ ስም ሆኖ ተገኘ!

አሁን ግዕዝ የቀመሰ አንባቢ ይፍረደኝ። «አስማት» ማለት ምን ማለት ነው? የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ በብዙ ገጽ የገነባችውን ሐሳብ እኛ በአንዲት ቃል ውስጥ ይዘነው እንዞራለን። አያቶቻችን የክርስትና ስማቸውን ከጠላት ይደብቁ አልነበረም? ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ ያለ ባለቤቱ የክርስትና ስም ይሠራል? ሰሎሞን አጋንንትን በስሞች መረብ እንደ ዓሣ ሲያጠምድ የሚተርከው «መርበብተ ሰሎሞን» የማን ነው? የኧርዝሲን መጽሐፍ ሳነብ ባዕድ አገር የገባሁ አልመሰለኝም፤ አያቴ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ባዕድ የሆነብን መጽሐፉ ሳይሆን የገዛ ቤታችን ነው።

«ይህማ እምነት ነው፤ ገድሉንና ድርሳኑን ልብ ወለድ ልትለው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ያመነ ይመን። ቶልኪን ራሱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ እምነቱ ምናቡን መገበለት እንጂ አላሰረበትም። እኔ የምለው፣ የጽዮንን ታቦት የያዙ ሠረገላዎች ከመሬት ከፍ ብለው በነፋስ ሲገሠግሡ በ«ክብረ ነገሥት» ያነበበ ሕዝብ፣ ከሰማይ ስለ ወረዱ መላእክትና ከእነርሱ ስለ ተወለዱ ግዙፋን የሚናገረውን «መጽሐፈ ሄኖክ»ን ሙሉውን በግዕዝ ጠብቆ ለዓለም ያተረፈ ሕዝብ፣ ምናብን «የፈረንጅ ዕቃ» ሲል ያሳፍራል ነው።

የልጅ ነው ለሚለው ሦስተኛ ክስ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። አርዌ የተባለው ዘንዶ በአክሱም ምድር ነግሦ፣ ሕዝቡ ልጃገረድና ከብት ሲገብርለት ኖረ ይላል ትውፊታችን። አንጋቦ የሚባል ሰው በመርዝ እስኪገድለው ድረስ ማለት ነው። ይህ የልጅ ማስተኛ ነው? የገዛ ልጁን ለገዢው እየመገበ ነገን የሚያድር ሕዝብ ታሪክ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የአዋቂ ጉዳይ ካለ ይነገረኝ። ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። እርሳቸው ያልናቁትን እኛ ምን ሆነን እንንቃለን?

አሳዛኙ ነገር አርዌን ፈጽሞ አለመርሳታችን ነው። ለቱሪስት በሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ላይ፣ ከታሪኩ መጀመሪያ፣ ቀንድ አውጥቶ ተጋድሞ ይታያል። ለእንግዳ እንሸጠዋለን፤ ለራሳችን ግን አንጽፈውም። አልፎ አልፎ የደፈሩ ደራሲያን እንዳሉ አልክድም። ሐያሲው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው «የኅብረተሰቡን እውነታ ምን ያህል አንጸባረቀ?» በሚል አንድ ሚዛን ነው። ሚዛኑን ያወጁት ሶሻሊስቶች በ1983 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደዋል፤ ሚዛኑ ግን እስከ ዛሬ አልወረደም።

የእኔኑ ወገኖች፣ የፋንታሲ ወዳጆችንም አልምርም። የጆርጅ ማርቲን የዘንዶ መጻሕፍት አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ስድስተኛውን ሲጠብቁ ከዐሥር ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ጓደኞች አሉኝ። የየቤተ መንግሥቱን የዘር ሐረግ በቃላቸው ይወጡታል፤ አንጋቦ ማን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ግን ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። የሰው ዘንዶ ሲጠብቁ የራሳቸው ዘንዶ ደጃፋቸው ላይ ተኝቶ አርጅቷል።

መንገዱ የማይቻል አይደለም። ከሚቀጥሉት መጻሕፍቴ ቀዳሚ ያደረግኩት የናይጄሪያዊው የፋጉንዋ ሥራ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1938 መናፍስት በሞሉበት ጫካ ስለሚገባ አዳኝ የሚተርክ ልብ ወለድ በገዛ ቋንቋው፣ በዮሩባ ጻፈ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ዎሌ ሾዪንካ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን የታተመው የአሞስ ቱቱኦላ የዘንባባ ጠጅ ጠጪ ተረት ይመጣል። ያን መጽሐፍ የተማሩ ያገሩ ሰዎች «አጉል እምነት ነው፣ አዋረደን» ብለው አፍረውበት ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ያለ እርሱ አይነገርም። ሦስተኛው የጃማይካዊው የማርሎን ጀምስ «ጥቁር ነብር፣ ቀይ ተኩላ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ የአፍሪካን አፈ ታሪክ መሠረት ያደረገ ሥራ ነው። ከደሴት ማዶ የተቀመጠ ሰው የአፍሪካን ተረት ቆፍሮ ሲያወጣ፣ ጉድጓዱ ላይ የተቀመጥነው እኛ ፈገግ እንላለን።

አራተኛው መጽሐፍ ገና አልተጻፈም። ስለ አርዌና ስለ አንጋቦ የሚተርክ፣ ክታብ ጸሐፊው ደብተራ፣ የተደበቀው የክርስትና ስምና የሰሎሞን መረብ ያሉበት፣ በአማርኛ የተጻፈ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ቦታውን ከመደርደሪያዬ ላይ ክፍት አድርጌ ትቼለታለሁ። ደራሲው ወይም ደራሲዋ ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ፈገግታውን አትፍሩት። ከዘንዶው የሸሸው እርሱ ነው።