ነባሩ ሲሰናበት ተተኪው ከየት ይመጣል?

በኅብረት የሚሠራ ማናቸውም ሥራ የቱንም ያህል ብርቱ ሰዎች ቢኖሩት አንድ ቀን እነዚያን ሰዎች ማሰናበቱ አይቀርም። አንዱ በዕድሜ፥ ሌላው በሹመት፥ ሌላው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ ነባሩ ሰው በተሰናበተ ማግሥት «አሁን ማንን እንተካ?» እያሉ መደናገጥ በየሥራው የሚታይ ነገር ነው። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ፥ በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት የሚቀርብበት አንድ ቦታ አለ፤ ይኸውም የአሜሪካ ኮሌጆች የእግር ኳስ ሜዳ ነው። በዛሬው ዕለተ ሰንበት አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ተማሪዎችና በሥራ ገበታቸው ላይ አዲስ የሆኑ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፥ ይህን ሜዳ ከእኛ ጋር ጥቂት እንዲመለከቱት እንወዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ እኛ በዚህ ስም ከምናውቀው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሆኖ በእጅ ይያዛል፥ ይወረወራልም። አጥቂው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። አንድ ቡድን ለማጥቃት 11፥ ለመከላከል ደግሞ ሌሎች 11 ሰዎች ያሰልፋል። ከተከላካዮቹ የፊተኞቹ የአጥቂውን መስመር በጉልበት ይገፋሉ፤ መካከለኞቹ የባላጋራውን አሳብ ተረድተው ለጓደኞቻቸው ቦታ ያሲዛሉ፤ የኋለኞቹ ረጅሙን ውርወራ ይጠብቃሉ። አሥሩ በትክክል ቆመው አንዱ ቦታውን ቢስት የአሥሩ ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለተከላካይ ጉልበት ብቻውን አይበቃውም፤ ጓደኛው ምን እንደሚያደርግ ሳይጠይቅ ማወቅ ያስፈልገዋል። ልምድ የሚባለውም ይህ ነው።

ነገር ግን የኮሌጅ ተጫዋች ተማሪ ነውና አይቆይም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደመወዝ ወደሚከፍሉት ታላላቅ ክለቦች ምርጫ ሊገባ ይችላል። እጅግ የበረታውም ቀድሞ ይሄዳል። ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር የሚወሰድበት ሰው እየበዛ ስለሚሄድ፥ ለአሠልጣኙ ድሉ ራሱ የችግር መጀመሪያ ይሆንበታል።

በዚህ ረገድ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተለያየ ዕድል ገጥሟቸዋል። የሉዊዚያና ስቴት ቡድን በ2019 የውድድር ዘመን 15 ጊዜ ገጥሞ 15ቱንም አሸንፎ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ዓ.ም. ጸደይ ላይ 14 ተጫዋቾቹ በክለቦች ተመረጡ፤ ከእነዚህም ውስጥ ግራንት ዴልፒት፥ ፓትሪክ ክዊን፥ ክላቮን ቼይሰንና ክሪስቲያን ፉልተን የመከላከሉ ምሰሶዎች ነበሩ። የመከላከሉ አሠልጣኝ ዴቭ አራንዳም የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄደ። በእርሱ ቦታ ቦ ፔሊኒ ከውጭ መጥቶ አሰላለፉን ለወጠ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ የጸደዩን ልምምድ አቋረጠው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ በአዲስ መምህር፥ በአዲስ ትምህርት፥ ያለ በቂ ልምምድ ሜዳ ገቡ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2020 ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ ግጥሚያ የባላጋራው ኳስ ወርዋሪ 623 ያርድ ወርውሮባቸው 44 ለ34 ተሸነፉ። ዘመኑንም በ5 ድልና በ5 ሽንፈት ፈጸሙ። ፔሊኒም ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ አልቆየም።

ሁለተኛው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ በ2021 የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 10.2 ነጥብ ብቻ ሲቆጠርበት፥ ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 አላባማን 33 ለ18 አሸንፎ ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮንነት አገኘ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ስምንት ተከላካዮቹ በክለቦች ተመረጡ። አምስቱ፥ ማለት ትራቮን ዎከር፥ ጆርዳን ዴቪስ፥ ኩዌ ዎከር፥ ዴቮንቴ ዋያትና ሉዊስ ሳይን፥ በመጀመሪያው ዙር የተወሰዱ ናቸው፤ ትራቮን ዎከርማ ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። የመካከሉ መሪ ናኮቢ ዲንም ሄደ። የመከላከሉ አሠልጣኝ ዳን ላኒንግ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። አጋጣሚ ሆኖ የሚቀጥለው ዘመን የመጀመሪያ ግጥሚያ ከዚሁ ከኦሪገን ጋር ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 ጆርጂያ 49 ለ3 አሸነፈ። በዚያም ዘመን 15 ጊዜ ገጥሞ አንድም አልተሸነፈም፤ በመጨረሻውም ቴክሳስ ክርስቲያንን 65 ለ7 ረታ።

ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ብርቱ ወጣቶችን መርጠው የሚያስገቡ ናቸውና ልዩነቱ በልጆቹ ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። ዋናው አሠልጣኝ ከርቢ ስማርት ተከላካዮቹን በየጨዋታው ያፈራርቅ ነበር። ዴቪስና ዋያት በቋሚነት በሚሰለፉበት ዓመት ጄለን ካርተር በተራው እየገባ ብዙ ይጫወት ነበር። በአላባማው የፍጻሜ ጨዋታ በእግር የተመታውን ኳስ በእጁ የመለሰው እርሱ ነው። ነባሮቹ ሲሄዱ ካርተር «አዲስ» ተባለ እንጂ በእውነቱ አዲስ አልነበረም። ላኒንግም ሲሄድ ኃላፊነቱን የተረከቡት ከ2016 ጀምሮ በዚያው ቤት የነበረው ግሌን ሹማንና ከአንድ ዓመት በፊት የመጣው ዊል ሙስቻምፕ ናቸው፤ ስለዚህ የትምህርቱ ቋንቋ አልተለወጠም።

ከዚህም ሌላ ነባሮቹ ሁሉ አልሄዱም። የኋላ ተከላካዩ ክሪስቶፈር ስሚዝ ለአምስተኛ ዓመት ቀርቶ ነበር። በኦሪገኑ ግጥሚያ ረጅሙን ውርወራ ዘልሎ የነጠቀው ማላኪ ስታርክስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲሆን፥ የሚጫወተው ከዚህ አንጋፋ ጋር ነበር። ገበሬያችን ወይፈን ሲያስለምድ ሁለት ወይፈን አንድ ላይ አይጠምድም፤ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል እንጂ። የጆርጂያም ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህን ስንል ልምድ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በ2022 ዘመን በጆርጂያ ላይ የተቆጠረው ነጥብ በአማካይ ወደ 14.3 ከፍ ብሏል። ዲሴምበር 31 ቀን ከኦሃዮ ስቴት ጋር በተደረገው ግጥሚያ 41 ነጥብ ተቆጥሮበት በአንድ ነጥብ ብልጫ ብቻ አለፈ፤ ያዳነውም ባላጋራው በመጨረሻዋ ደቂቃ በእግሩ የመታው ኳስ መሳቱ ነው። ተተኪ ቢዘጋጅም የነባሩ ጉድለት ይታወቃል። ዝግጅት ጉድለቱን ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ቤቱ እንዳይፈርስ ግን ያደርጋል።

ተራን መጠበቅ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። በ2021 የወጣው ደንብ ተጫዋቹ አንድ ዓመት ሳይቀመጥ አንድ ጊዜ ኮሌጅ እንዲለውጥ ፈቀደ፤ በ2024 ይህ የአንድ ጊዜ ገደብ ተነሣ። በዚህ ምክንያት አሠልጣኝ የጎደለበትን ቦታ ከሌላ ኮሌጅ ባመጣው ነባር ተጫዋች ይሞላል፤ ተጠባባቂውም ተራው የራቀ ሲመስለው ይሄዳል። ወጣቱ የሚሻለውን መፈለጉ መብቱ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድም ጨዋታ ያልተሰጠው ልጅ ቢሄድ፥ ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ ያስቀመጠው? እንዲጠብቅ የሚፈለግ ሰው እየጠበቀ እንዲሠራ ሊደረግ ይገባል። ሥራ የሌለበት መጠበቅ ሰውን ያደክማል እንጂ አያስተምርም።

ይህ ነገር በእግር ኳስ ሜዳ ብቻ እንደማይቀር አንባቢዎቻችን ሳይገነዘቡት አይቀሩም። አንድ አንጋፋ የመዝገብ ቤት ሹም ጡረታ ሲወጣ ፋይል የሚገኝበትን ቦታ ይዞት የሚሄድ ከሆነ፥ መሥሪያ ቤቱ ሰው ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም አጥቷል። ስለዚህ ያለቃ ግዴታው ብርቱ ሠራተኛ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ብርቱው ገና በቦታው ሳለ ታናሹ ከባዱን ሥራ በተራው እንዲሞክር ማድረግ፥ ሲሳሳትም አጠገቡ ሆኖ ማረም ነው። የወጣቱ ግዴታ ደግሞ የተጠባባቂነቱን ጊዜ እንደ ባከነ አለመቁጠር ነው። ወንበሩ ባዶ በሆነ ቀን ለመማር ጊዜ አይኖርምና።

አባቶቻችን «ቀድሞ ከበቀለ ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠ» ይላሉ። ተረቱን ወጣቶች በደስታ ይጠቅሱታል፤ አንጋፎች ግን ብዙ አይወዱትም። ሁለቱም ወገን ቢያስተውሉ፥ ቀንዱም የሚወጣው ጆሮው ባለበት በዚያው ራስ ላይ ነው።