የፎገራ ወንበር የማን ነው? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ጉድ በል ጎንደር! ዘር ሳይዘሩ ምርቱን ማፈስ ያለው በምርጫ ብቻ ነው። የፎገራ የፓርላማ ወንበር ድምፅ ሳይሰጥ ባለቤቱ የሚታወቅበትን ዘመን አሳልፏል። ካድሬው ይህን «የሕዝብ አመኔታ» ይለዋል። እኔ ግን ለፓርቲ የማያሰጋ ወንበር ለገበሬው ዋስ አይሆንም እላለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጢሰኛው ይመርጣል፣ ባለ ርስቱ ይመረጣል። ደርግም በ1979 ዓ.ም. ለ835 የሸንጎ ወንበሮች ምርጫ ጠራ። እጩው በኢሠፓ ወንፊት ያለፈ ብቻ ነበር።

ኢሕአዴግ በ1987 ዓ.ም. ምርጫ ሲያካሂድ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አገለሉ። ወንበር የሚነቃነቅ ዕቃ መሆኑን አገሩ ያየው በ1997 ዓ.ም. ነው። ቅንጅት 109 ወንበር አገኘ፤ በአማራ ክልልም ብዙ ወሰደ። መልሱስ? ጥይትና ቃሊቲ! ከዚያ በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ያመለጡት ሁለቱ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ቦንጋ ነበሩ። እንግዲህ የፎገራን ውጤት ለማወቅ ኮሮጆ መክፈት ምን ያስፈልጋል? በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱም ተለቅመው 547ቱም ተጠቃለሉ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. ብአዴን ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. አዴፓ፤ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና። በ2007 ለብአዴን ድምፁን የሰጠ የፎገራ ገበሬ፣ ወኪሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስም ሲቀይር ማን ጠየቀው? ማንም! በኮሮና ሰበብ የዚያ ምክር ቤት ዕድሜ ሲራዘምም የጠየቀው የለም።

በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና 410 ወንበር ሲወስድ አብን 5 አገኘ። ክልሉ ብቻውን 138 ወንበር አለው። ከአምስቱ አንዱ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ታሰሩ። ማሸነፍም እንደ መሸነፍ የሚያስቀጣ ከሆነ ወረታ ላይ ማን ደፍሮ ይወዳደራል?

ኧረ ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለገበሬው ምኑ ነው? ብዙ ነገሩ ነው! ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ እንኳ የተተከለው ወረታ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጣናን እንቦጭ ወርሮታል። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት የክልሉን ገበሬ አደባባይ አውጥቶታል። ይህን ሁሉ ፓርላማ ላይ አፋጥጦ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ግን እጩነቱን የሰጠው የፓርቲ ቢሮ የሆነ ሰው የሚፈራው ቢሮውን ነው ወይስ መራጩን? መልሱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ተቃዋሚዎችም አይኩሩ። የምርጫ ሰሞን ባሕር ዳርና ጎንደር መግለጫ ሰጥቶ፣ ወረታን በመኪና መስኮት እያዩ ማለፍ ትግል አይደለም። ቀበሌ ያልገባ ፓርቲ ፓርላማ አይገባም።

ነገስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የጦርነት ሜዳ ሆኗል። ጥይት በሚጮህበት ቀዬ ካርድ አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰላም! ቀጥሎ ማዳበሪያ የሚያድለውና ድምፅ የሚቀሰቅሰው እጅ ይለያይ። እጩዎች ወረታ ገበያ ላይ ቆመው ስለ ጎርፉና ስለ ሩዙ ይከራከሩ። የየጣቢያው ውጤት እዚያው በር ላይ ይለጠፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ንዑስ ቁጥር 7 የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ ከወንበሩ ሊነሳ ይችላል ይላል። ይህች ቁጥር ከወረቀት ትውረድና እንያት!

ይህ ካልሆነ መጪውም ምርጫ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የፎገራ ከብት እንኳ በረቱን አይስትም። ወንበሩም የመራጩን ደጅ ይወቅ!