የጀማሪ ጠላቂ ትምህርት

ከባሕር በታች መዋኘት የደፋር ሰው ሥራ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ አባባል ጀማሪውን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ስኩባ በሚባለው መሣሪያ ለመጥለቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ደፍሮ መውረድን ሳይሆን ተረጋግቶ መተንፈስን ነው።

ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ንጹሕ ኦክሲጅን ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘወትር የምንተነፍሰው አየር ታምቆ የተሞላበት ነው። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መቆጣጠሪያ፣ ጠላቂው አየር በሚስብበት ጊዜ ብቻ፣ በዙሪያው ካለው ግፊት ጋር አስተካክሎ ይሰጠዋል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ግፊት ነው።

በባሕር ወለል ላይ ያለው ግፊት በ10 ሜትር ጥልቀት እጥፍ ይሆናል። አንድ ጀማሪ በዚህ ጥልቀት ሳንባውን በአየር ሞልቶ ሳለ ደንግጦ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ግፊቱ በቀነሰ መጠን አየሩ እየሰፋ ሄዶ ከውሃው ወለል ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይሻል። ሳንባ ግን ያን ያህል ሊለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል። ትንፋሽን መያዝ ደግሞ ለዋናተኛ የተለመደ ነገር ነው፤ በወንዝ የሚዋኝ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ በስኩባ ፊት ጀማሪ የሚሆነው የለመደውን መተው ስላለበት ነው።

ይህ በቃል ተነግሮ የሚያልቅ ትምህርት አይደለም። ተማሪው ከቁመቱ በማያልፍ ገንዳ ውስጥ፣ መነጽሩ ውሃ ሲሞላበት በአፍንጫው ተንፍሶ ማስወጣትን፣ የአየር ቧንቧው ጫፍ ከአፉ ሲወልቅም ፈልጎ መመለስን እስኪሰለቸው ድረስ ሊለማመድ ይገባዋል። ግማሽ ቀን ባልሞላ ልምምድ ጎብኚዎችን ወደ ባሕር የሚያወርዱ አሉ። አሠልጣኙ አብሮ ስለሚወርድ አያሰጋም ይላሉ። አሠልጣኝ የተማሪውን እጅ ይይዝለታል እንጂ አይተነፍስለትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በባሕር ውስጥ ግን ያፈሰሱትን መልቀም ሁልጊዜ አይቻልም።

ጥድፊያ የሚጎዳው በመውረድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በግፊት የተተነፈሰ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ፣ ጠርሙሱ ድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውሃ፣ ናይትሮጅኑ በአካሉ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መውጣት፣ በ5 ሜትር ጥልቀት ላይም ለ3 ደቂቃ ያህል መቆየት የተለመደ ነው። ከውሃ ከተወጣ በኋላም ቢሆን ጉዳዩ አላበቃም። ለምሳሌ በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ በምፅዋ ሲጠልቅ የዋለ ሰው በዚያው ምሽት ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አሥመራ በመኪና ቢጓዝ፣ ዳገቱን በወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ያው አረፋ መንገድ ላይ ሊይዘው ይችላል። ሙቀቱ ቢያስቸግረውም እንኳ ያን ሌሊት በምፅዋ ማደር ይኖርበታል።