«የኛ ነው» ማለት ማስረጃ አይደለም!

ወገን፣ ዛሬ የማያስደስትህን ነገር ልንነግርህ ነው። አንብበህ ከጨረስክ በኋላ ብትሰድበንም ችግር የለም። ግን መጀመሪያ አንብብ።

አንድ ድርጅት ብቅ ብሎ «ለአውሮፕላን መለዋወጫ አቀርባለሁ፣ አገር በቀል ነኝ» ሲል ምን ታደርጋለህ? እንደምታደርገው እናውቃለን። ባንዲራ ትለጥፋለህ፣ ላይክ ታደርጋለህ፣ ሼር ታደርጋለህ። አንዱ ልጅ ኮሜንት ላይ «ከዚህ በፊት ለመንግሥት ምን ሠርቶ አስረከበ?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ «ባንዳ!» ብለህ ትዘምትበታለህ። በቃ፣ ጥያቄው እዚያው ሞተ።

እኛ የምንልህ ይሄ ነው፦ ያንን ልጅ ዝም ማሰኘት የአገር ፍቅር አይደለም። የሌባ ጥበቃ ነው።

ሜቴክን አስታውስ። በ2002 ዓ.ም በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም አገር ምድሩ ተስፋ ጣለበት። ቢሾፍቱ ያለው ደጀን አቪዬሽን እንኳ በሥሩ ነበር። ስኳር ፋብሪካዎች ተሰጡት፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጠው፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተሰጠው። አንዱን ሥራ ሳያስረክብ ሌላው ይጨመርለት ነበር። የቀደመውን ውል አይቶ «ቆይ፣ ይሄ የት ደረሰ?» የሚል ጠፋ። የጠየቀም «የልማት ጠላት» ተባለ።

መጨረሻውን ታውቀዋለህ። ነሐሴ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከግድቡ አንድም ተርባይን ሥራ እንዳልጀመረ ለሕዝብ ተናገሩ። ኅዳር 2011 ላይ ዐቃቤ ሕግ ወጥቶ ድርጅቱ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አለ። 37 ቢሊዮን! ያውም ስኳር በሰልፍ በሚገዛበት አገር።

አሁን ይሄን ልብ በል። ያኔ «ጉዱ አይውጣ፣ ግድቡ ይጎዳል፣ ግብፅ ትስቃለች» ያሉ ነበሩ። ምን ሆነ? ጉዱ ወጣ፣ ሥራው ለሌሎች ኮንትራክተሮች ተሰጠ፣ ግድቡም ጳጉሜን 2017 ላይ ተመረቀ። ግድቡን ያዘገየው ጥያቄው አልነበረም፤ ዝምታው ነበር።

«እሺ፣ ሜቴክ ትልቅ ነበር። ትንሽ አቅራቢ ምን ያመጣል?» ትል ይሆናል። ስማ እንግዲህ። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሲ ኤንድ ዲ ዲስትሪቢውተርስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ለጦር ሠራዊቱ ብሎንና ዋሸር ዓይነት ዕቃ ያቀርብ ነበር። እያንዳንዳቸው 19 ሳንቲም የሚያወጡ ሁለት ዋሸሮችን ላከና ለማጓጓዣ 998,798 ዶላር አስከፈለ። ተከፈለውም! ነገሩ እስኪነቃበት ድረስ በዓመታት ውስጥ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደ። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ይሄ ገንዘብ ነው። ከገንዘብ የባሰም አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለ ኤኦጂ ቴክኒክስ የሚባል አነስተኛ አቅራቢ በሐሰተኛ የምስክር ወረቀት የሞተር መለዋወጫ ሲሸጥ ተደረሰበት። ያውም ቦይንግ 737 እና ኤርባስ 320 ላይ ለሚገጠመው ሲኤፍኤም 56 ሞተር። እንዴት ታወቀ? የፖርቱጋሉ ታፕ አየር መንገድ ቴክኒሻኖች ወረቀቱ «አዲስ» የሚለው ዕቃ አርጅቶባቸው አምራቹን ጠየቁ። አምራቹም ፊርማው የኔ አይደለም አለ። በቃ። አንድ ጥያቄ ብዙ ሕይወት አዳነ ማለት ይቻላል። አየር ላይ «ይቅርታ፣ ወንድማችን ስለሆነ ነው» አይሠራም።

ስለዚህ ከማጨብጨብህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ።

አንደኛ፣ ሥራውን ያገኘው በጨረታ ነው ወይስ በስልክ? የግዢ አዋጅ አለን፤ 649/2001 ነበር፣ አሁን 1333/2016 ተተክቷል። ግልጽ ጨረታ መርህ ነው፣ በቀጥታ መግዛት ደግሞ ምክንያት የሚጠየቅበት ነው።

ሁለተኛ፣ ስንት ተከፈለው፣ ምን አስረከበ? ቅድሚያ ክፍያ የወሰደ ሁሉ ሠራ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ከየት መጣ? የአውሮፕላን ዕቃ ያለ ወረቀት ብረት ነው። ወረቀቱም አምራቹ ጋ ካልተጣራ ወረቀት ነው።

አራተኛ፣ ከዚህ በፊት አጥፍቶ ከሆነ ምን ተደረገ? ታገደ? ወይስ ስሙን ቀይሮ በሌላ በር ገባ?

አንተ ጎፋ፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ ያለኸው፣ አንቺም ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ማሽን ስትማሪ የምትውዪው፣ ይሄ ጉዳይ የናንተ ነው። ሰፈራችሁ ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ቴክኖሎጂ ለናንተ እንግዳ አይደለም። ቶርኖ ቤት ከፍታችሁ፣ ልካችሁን ጠብቃችሁ፣ በላባችሁ ልትወዳደሩ ስትነሱ መንገድ የሚዘጋባችሁ የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። በባንዲራ ተሸፍኖ ሥራ ወስዶ ያላስረከበው ነው። እሱ ሲወድቅ «አየህ፣ ኢትዮጵያዊ አይችልም» ይባላል። ገንዘቡን እሱ ይበላል፣ ስድቡን እናንተ ትቀበላላችሁ።

ኢትዮጵያዊ አይችልም? ውሸት! ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም እዚሁ አገራችን ተሠርታ በርራለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠራት። ጣሊያን ዘርፎ ወሰዳት፣ ጥር 2016 ላይ ተመለሰች። ፀሐይን ያኮራን ስሟ አይደለም፤ መብረሯ ነው።

እንግዲህ ወገን፣ የኛ የሆነውን ከማንም በላይ ጠንክረን እንጠይቅ። ንጹሕ ከሆነ ጥያቄው ያስከብረዋል። ካልሆነም ገና በጊዜ እንወቀው። «ምን አገባህ?» ካሉህ መልስህ አጭር ይሁን፦ ገንዘቡ የኔ ነው፣ የምሳፈረውም እኔ ነኝ።

ሼር አድርጉት። ከማጨብጨብ በፊት ጥያቄ!