እግር ካለ ሁለት ዛፍ ቢወጣስ?



ባለፈው ሰኞ ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላነበበ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። በክፍሎች መካከል ለሚደረገው የስፖርት ውድድር የወጣው ደንብ በተራ ቁጥር 4 ላይ «አንድ ሠልጣኝ ከአንድ የስፖርት ዓይነት በላይ መመዝገብ አይችልም» ይላል። በእኛ ክፍል ደግሞ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእግር ኳስ የቀኝ ክንፍ ነው፤ በ100 ሜትርም እስካሁን በግቢው ውስጥ የቀደመው ሰው አላየንም። ማስታወቂያውን አንብቦ ሲመለስ «እንግዲህ የትኛውን እግሬን ልቁረጥ?» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ጉዳዩን ለማስረዳት ሦስት ሆነን ሄደን ነበር። ያገኘነው መልስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ተረት ነው፤ «እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»። ተረቱ ጥሩ ተረት ነው፤ አያቶቻችን በከንቱ አልተናገሩትም። ነገር ግን ተረት በተነገረ ቁጥር ውይይት የሚዘጋ ከሆነ፣ ነገ ክፍል ገብተን ልጆች የምናስተምር ሰዎች ዝም ልንል አይገባንም ብለን ይህችን ጽፈናል። ደግሞም ሁለት ዛፍ የወጡ ሰዎች አሉ። ወጥተው የወደቁም አሉ። ጥያቄያችን የጣላቸው ዛፉ ራሱ ነው ወይስ ከሥር ቆሞ ያወዛወዘው ሰው የሚል ነው።

ምሳሌያችንን ከአሜሪካ ማምጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር ከፍተኛው የአጭር ርቀት ሩጫና ትልቁ የኳስ ጨዋታ አንድን ወጣት ከሁለት ወገን ሲጎትቱት ኖረዋል። «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ ግን የእኛ እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ በሁለት በኩል የሾለ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ በእግር የሚመታው አልፎ አልፎ ነው። ከየወገኑ 11 ሰው የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድርጎ ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳስ የያዘውን ሰው ተከላካዮች በአካላቸው ተጋጭተው መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ፋውል አይባልም፣ ጨዋታው ራሱ ይህ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል ከዳር ቆመው፣ ጨዋታው ሲጀመር ተፈትልከው በመሮጥ ከሩቅ የተወረወረላቸውን ኳስ የሚቀበሉ አሉ። የሩጫ ሰው የሚፈለገው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ነገር ስሙ መጀመሪያ የሚነሣው ቦብ ሄይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ተወለደ። በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሲማር ፉትቦል ይጫወት ነበር፤ ይሮጥም ነበር። በ1963 100 ያርድን በ9.1 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ፍጻሜ የደረሰው መም 1ኛው ነበር። በዚያ ዘመን መሙ እንደ ዛሬው ሰው ሠራሽ አልነበረም፤ የእርምጃ ተወዳዳሪዎች የረገጡት፣ የተቆፋፈረ አሸዋማ መም ነው። አንድ ጫማውንም ማደሪያው ረስቶ ስለ መጣ የሮጠው ከቡድን ጓደኛው በተዋሰው ጫማ ነበር። (ጫማ እየተዋሳችሁ የምትሮጡ የዚህ ግቢ ልጆች ይህን ልብ በሉ!) እንዲያም ሆኖ በ10.0 ሰከንድ አሸነፈ።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር እናስገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ቀን ነው ሄይስ በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል የመጨረሻውን ዱላ የተቀበለው። ሲቀበል ከፊቱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ሁሉንም አልፎ የአሜሪካ ቡድን በ39.06 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ማራቶኑን ብቻ ሰምተን ያደግን ሰዎች በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ማየት የቻለው የቶኪዮ ተመልካች ምንኛ የታደለ ነው እንላለን።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ሄይስ ስንት ጊዜ ሮጠ? ለአማተር ሩጫ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ገና 22 ዓመት ሳይሞላው ሩጫው አለቀ። እግሩ ደክሞ አይደለም። የዳላስ ካውቦይስ ቡድን አስቀድሞ መርጦት ስለ ነበር ለፉትቦል ፈረመ፤ በዚያ ዘመን ደንብ ደግሞ በማናቸውም ስፖርት ገንዘብ የተከፈለው ሰው በሩጫ ውድድር መካፈል አይችልም ነበር። የሁለቱን ዛፎች አንዱን የቆረጠው ይህ ደንብ ነው።

በፉትቦሉ ምን እንዳደረገ ደግሞ እንይ። በመጀመሪያ ዓመቱ በ1965 46 ኳሶች ተቀብሎ 1,003 ያርድ ገፋ፤ 12 ጊዜም ነጥብ አስቆጠረ። በአንድ ሰው ሊያዝ ስላልቻለ ተከላካዮች ሰውን መከተል ትተው ቦታ ተከፋፍለው መጠበቅን እንዲያዳብሩ ካስገደዱት አንዱ እሱ ነው ይባላል። የአንድ ሰው ፍጥነት የጨዋታን አጠባበቅ ሲለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 1972 ቡድኑ የሱፐር ቦል ዋንጫ ሲወስድ አብሮ ነበር። «መጨረሻውስ?» የሚል ይኖራል። ከጨዋታ ከወጣ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተከሶ በ1979 ታስሯል፤ በ2002 ሞተ። ከሞተ በኋላ በ2009 የፉትቦል ታላላቆች ስም በሚሰፍርበት አዳራሽ ስሙ ገባ። መጨረሻውን የሚያነሡ ሰዎች ሁለት ዛፍ በመውጣቱ ነው የወደቀው ሊሉን ከሆነ ግን አንቀበልም። እስር ቤት የገባው ሁለቱንም ካቆመ በኋላ ነው።

ይህ ደንብ የጎዳው እሱን ብቻ አይደለም። ጂም ቶርፕ በ1912 በስቶክሆልም በፔንታትሎንና በዴካትሎን አሸንፎ፣ ቀደም ሲል ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ ስለ ተሰማ ብቻ ሜዳልያዎቹ በ1913 ተነጠቁ። ለቤተ ሰቡ የተመለሱት በ1983 ነው፤ ያኔ ሰውየው ከሞተ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ብቸኛው አሸናፊ እሱ መሆኑ በመዝገብ የታወቀውማ በ2022 ነው። ይኸው ሰው ፉትቦልም ይጫወት ነበር፤ በ1920 የተቋቋመውና በኋላ ኤን ኤፍ ኤል የተባለው ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም እሱ ነው።

ሬናልዶ ኔሂማያን የምናነሣው ግን ከልባችን እያዘንን ነው። በነሐሴ 1981 በዙሪክ የ110 ሜትር መሰናክልን በ12.93 ሰከንድ በመሮጥ ከ13 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሜሪካ የሞስኮን ኦሊምፒክ ስላልተካፈለች እሱም ቀረ። (ምሩጽ ይፍጠርም በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ስለቀረች ሳይሮጥ ቀርቶ ነበር፤ ለእሱ ግን ሞስኮ ሁለት ወርቅ ይዞ ጠበቀው።) ኔሂማያ በ1982 ለሳን ፍራንሲስኮ ፉትቦል ቡድን ፈረመ፤ በዩኒቨርሲቲ ተጫውቶት የማያውቀውን ጨዋታ ነው እንግዲህ። በ3 ዓመት 43 ኳስ ተቀበለ። መጥፎ ባይሆንም የዓለም አንደኛ የሚያሰኝ አይደለም። ወደ ሩጫ እንዲመለስ የተፈቀደለት በ1986 ነው። በመካከሉ የ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አለፈው። የኦሊምፒክ ሜዳልያ አንድም ሳያገኝ ቀረ።

ሮን ብራውን ጠንቃቃ ነበር። በ1983 የፉትቦል ቡድን ሲመርጠው ቆይ አለ፤ በ1984 በዱላ ቅብብል ወርቁን ካገኘ በኋላ ወደ ፉትቦል ገባ። ይህም አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር እንጂ ሁለቱን አብሮ መያዝ አይደለም፤ ደንቡ ከዚህ ሌላ መንገድ አልተወለትም።

እስቲ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን እናዘንብል፤ ተረቱም ድርሻ አለውና። በ1968 በሜክሲኮ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ የሮጠው ጂም ሃይንስ በ1969 ለማያሚ ተጫውቶ በዓመቱ የተቀበለው ኳስ 2 ብቻ ነው። ፈጣን እግር የኳስ እጅ አይሆንም። በተቃራኒውም ዲኬ ሜትካፍ የተባለው፣ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን የፉትቦል ኮከብ በግንቦት 2021 በካሊፎርኒያ ከእውነተኞቹ ሯጮች ጋር 100 ሜትር ገብቶ በ10.37 ሰከንድ በምድቡ የመጨረሻ ሆነ። ሰዎች ሳቁበት አሉ። እኛ ግን አንስቅም፤ ያን ያህል ክብደት ተሸክሞ 10.37 መሮጥ ቀልድ አይደለም፣ ከዚህም በላይ ለመሸነፍ ደፍሮ መግባቱ።

ጉዳቱም አለ። ዴቨን አለን የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ2014 በ110 ሜትር መሰናክል የዩኒቨርሲቲዎችም የአገሩም አሸናፊ ሆነ፤ ፉትቦልም ይጫወት ነበር። በጥር 1 ቀን 2015 በትልቅ ጨዋታ የመጀመሪያው ኳስ ላይ ጉልበቱ ተበጠሰ። ይህን ሲሰሙ የስፖርት መምህራችን «አላልኳችሁም?» ይሉናል። ልክ ናቸው። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በ2016 ሪዮ 5ኛ፣ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ 4ኛ ወጣ። በ2022 ከፊላደልፊያ ፉትቦል ቡድን ጋር ከፈረመ በኋላ በሰኔ ወር በ12.84 ሰከንድ ሮጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የተሻለ የሮጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ወር በገዛ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተሰለፈ። ተኩሱ በተሰማ በ0.099 ሰከንድ ተነሣ ተብሎ ተባረረ። ደንቡ የሚፈቅደው 0.100 ነው። በአንድ ሺኛ ሰከንድ! ከዚያም ወደ ፉትቦል ልምምዱ ሄደ፤ በነሐሴም በአንድ የዝግጅት ጨዋታ ከ55 ያርድ የተላከ ኳስ ተቀብሎ ነጥብ አስቆጠረ። ይህን ሰው አንዱን ምረጥ ብለው ቢያስገድዱት ኖሮ የትኛውን ባላየን ነበር?

እንግዲህ ወደ ተራ ቁጥር 4 እንመለስ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን። ጥቂት ጎበዞች ሁሉን ቦታ ከያዙ ሌላው ተመልካች ይሆናል ብለውናል። እውነት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የጨረስን ከመካከላችን አለን። ግን የሴቶቹን መዝገብ ተመልከቱ። እህቶቻችን ለመረብ ኳስ 6 ሰው አሟልተው ለሩጫ ሲመጡ የሚመዘገብ ሰው አጡ፤ ምክንያቱም መሮጥ የሚችሉት እነዚያው ስድስቱ ናቸው። እዚህ ላይ ደንቡ ለማን ቦታ አስገኘ?

ደግሞስ እኛ ምን ልንሆን ነው የምንሠለጥነው? ጠዋት ሒሳብ፣ ከዕረፍት በኋላ አማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃና ስፖርት የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር። ስንት ዛፍ እንደሆነ ቁጠሩት። በማስተማር ልምምድ በሄድንበት ትምህርት ቤት አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ሥዕልም ሒሳብም ይወዳል። መምህሩ «አንዱን ያዝ» ሲሉት ልጁ ዝም ብሎ ደብተሩን ሲያጥፍ አይተናል። ያኔ አንድ ቃል አልተናገርንም፤ ስላልተናገርን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ሠልጣኝ ቢበዛ በሁለት ስፖርት ይመዝገብ፤ በሁለተኛው ግን ቦታ የሚያገኘው ሌላ ተመዝጋቢ ካልሞላው ብቻ ይሁን። የ100 ሜትሩ ፍጻሜና የእግር ኳሱ ግጥሚያ በአንድ ቀን አይዋሉ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር። ጉልበቱን የሚያመው ልጅ የስፖርት መምህራችን ሳያዩት አይሰለፍ።

ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ትናንት ማታ ስናይ ያ የክፍላችን ልጅ በየትኛውም ቅጽ ላይ ስሙን አልጻፈም።