ከተወሰነ በኋላ ለተጠየቃችሁ
ግልጽ ደብዳቤ ለሩሲያ የጸጥታ ምክር ቤት አባላት

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን የምጽፍላችሁ በአገራችሁ ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ቁስለኞቻችንን ያከመውን የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ አንረሳም። ቅሬታዬ በአሠራራችሁ ላይ ነው፤ የምትመክሩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ያሳያችሁንን ስብሰባ ታስታውሱታላችሁ። ፕሬዚዳንት ፑቲን በክሬምሊን ሰፊ አዳራሽ ለብቻቸው ጠረጴዛ ይዘዋል። እናንተ ራቅ ብላችሁ ወንበር ላይ ተደርድራችኋል። ለዩክሬን ግዛቶች ለዶኔትስክና ለሉሃንስክ የ«ነጻ አገርነት» እውቅና ይሰጥ ወይስ አይሰጥ እየተባላችሁ በየተራ ተጠየቃችሁ። የውጭ ስለላ ኃላፊው ሰርጌይ ናሪሽኪን ለምዕራባውያን አንድ የመጨረሻ ዕድል ቢሰጥ የሚል ሐሳብ ጀምረው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በግልጽ እንዲናገሩ ሲያፋጥጧቸው ተንተባተቡ፤ በመጨረሻም ግዛቶቹ ወደ ሩሲያ እንዲቀላቀሉ እደግፋለሁ አሉ። «የምንነጋገረው ስለዚያ አይደለም» ተባሉ። የአገር ምስጢር የሚጠብቁት ሰው «አዎ» የሚሉት ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ጠፋባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጦሩ ዩክሬን ገባ። ኪየቭ በጥቂት ቀናት ትወድቃለች በሚል ዕቅድ ሆስቶሜል አየር ማረፊያ ላይ አየር ወለድ ወረደ፤ ከሰሜን በኩል ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የተሽከርካሪ ሰልፍ ነዳጅና ስንቅ አጥሮት መንገድ ላይ ተገተረ። መጋቢት ሳያልቅ ጦሩ ከኪየቭ ዙሪያ ወጣ፤ ከኋላው በቡቻ ጎዳናዎች ላይ የሲቪሎች አስከሬን ተገኘ።

ዕቅዱ ቢሰምር ኖሮ ወረራው ይጸድቅ ነበር ማለቴ አይደለም። አስቀድሞ መመካከር የሚያስፈልገው ስንቁን ለመቁጠር ብቻ አይደለም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተነስቶ «በ1994 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ የዩክሬንን ድንበር እናከብራለን ብለን ፈርመናል፤ ፊርማችን ምን ሊሆን ነው?» የሚልበት ሰዓት ያ ነበር። የተነሳ የለም።

ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ደንብ የአገር ሕግ ሆነ። ጦርነቱ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» እንዲባል ታዘዘ፤ የካቲት 25 ቀን የወጣው ሕግ ደግሞ ስለ ጦሩ «ሐሰት» ያወራን ሰው እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ክፉ ወሬ ያመጣ የሚታሰርበት መንግሥት ደግሞ ደግ ወሬ ብቻ ይሰማል። መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ኬርሶንን ጨምሮ አራት የዩክሬን ግዛቶች በታላቅ ሥነ ሥርዓት የሩሲያ ናቸው ተባለ፤ ኅዳር 2 ቀን ጦራችሁ ኬርሶን ከተማን ለቆ ከድኒፕሮ ወንዝ ማዶ ተሻገረ። ገና ስድስት ሳምንት መሙላቱ ነበር።

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ አባቶቻችን። እናንተ ዘንድ ግን ተረቱ አልሠራም፤ ንጉሡ ከ20 ዓመት በላይ ነግሠዋል። የመካሪውን ዝምታ ዋጋ የሚከፍሉት የማሪዮፖል ነዋሪና በመስከረሙ ክተት ከየመንደሩ የተለቀመው የእናንተው ወጣት ናቸው።

«የአንተስ አገር ምን አለች?» ብትሉኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወረራውን በ141 ድምፅ ሲያወግዝ፣ ኢትዮጵያ ድምፅ ካልሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች። ዕለቱ የካቲት 23፣ የአድዋ በዓል ነበር። ወራሪን ባሸነፍንበት ቀን ስለ ወረራ ዝም ማለታችን እኔን አላስደሰተኝም። የእኛ ዝምታ ግን የእናንተን አያጸድቅም፤ ጦር የሚያዘምተው የእናንተ ጠረጴዛ ነው።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት ስብሰባ ይጠራ፤ ካሜራው ይውጣ፤ የተቃወመ ሰው ቃል በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ የተቃወመውም በማግስቱ ወንበሩ ላይ ይገኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ ምክር ቤት መባሉ ይቅርባችሁ፤ «አዎ» ለማለት ያን ያህል ወንበር አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ