የልጆቹን ሥዕል አታስተካክሉብን

ክረምት ገባ ማለት ለአዲስ አበባ ወላጅ ራስ ምታት ገባ ማለት ነው፤ ልጆቹን የት እናድርጋቸው? ድሮ መልሱ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ገጠር አያት ጋ ነበር። አሁን ማጠናከሪያ አለ፣ ዋና አለ፣ ቴኳንዶ አለ። የሥዕል ካምፕ የሚያዘጋጅ ሙዚየምም አለ። እኔም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሙዚየም በኢንተርንነት ሠርቻለሁ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ቀለም መበጥበጥ፣ ብሩሽ ማጠብ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ "ቲቸር ሽንት ቤት" ሲባል ይዞ መሮጥ። ደመወዝ የለም፤ የታክሲም የለም። እሱን ለጊዜው ተዉት።

የኔ ጭቅጭቅ ከኤግዚቢሽኑ ጋር ነው። በመጨረሻው ቀን ወላጅ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ለኢንተርኖች ትእዛዝ ይወርዳል፤ "ሥዕሎቹን ትንሽ አስተካክሏቸው።" ማስተካከል ማለት የተጣመመውን እግር ማቅናት፣ ሐምራዊ የተቀባችውን ላም ቡኒ ማድረግ ነው። ለምን ስንል "ወላጅ ከፍሏል" ተባልን።

እስቲ በልጁ ቦታ ሁኑ። የስድስት ዓመት ልጅ የገዛ እጁን ሥራ ያውቃል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሱ እንዳልሆነም ያውቃል። እናቱ ስታጨበጭብለት የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ጎበዝ የሚባለው ሌላ ሰው ሲሠራለት መሆኑን ነው። ከሰሌዳ መገልበጥማ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲለማመደው ከርሟል። ለዚህ ሙዚየም ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

ሙዚየም ሌላ ቦታ የሌለ ነገር አለው፤ ዕቃው ራሱ። ብሔራዊ ሙዚየም ሲባል ሁላችንም ድንቅነሽን እናስባለን። ልጅ ግን የሰላም ታሪክ ይበልጥ ይገባዋል። በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሰላም፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተች የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ የሕዝቦችን ባህል ያደራጀው በሰው ልጅ የዕድሜ ጉዞ ነው፤ ከልጅነት ተነሥቶ እስከ ሞት። ልጅን እንዲህ ያለ ነገር ፊት 20 ደቂቃ ብታስቀምጡት የሚስለው ሊጣመም ይችላል። ግን አይቶ ነው የሳለው።

ወላጅ ከፍሏል፣ እውነት ነው፤ ለገንዘቡ የሆነ ነገር ማየት መብቱ ነው። እንግዲያው ለሱም ወረቀትና እርሳስ ስጡትና እዚያው ዕቃ ፊት ከልጁ ጎን 10 ደቂቃ ይሳል። የላም እግር ማቅናት ቀላል አለመሆኑን ያኔ ይረዳል። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ልጁ ስለ ሥዕሉ ያለውን እንዳለ ጻፉለት።

ደግሞስ ወላጁ ያልከፈለለትስ? ከሙዚየሙ አጥር ውጪ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ግቢውን አያውቀውም። ኢንተርኑም እንደዚያው ነው፤ የታክሲ የሚሰጠው ቤተሰብ የሌለው ተማሪ በነፃ ሊያገለግል አይችልም። ከልጁ እስከ አስተማሪው ያለው ብቻ ተሰባሰበ ማለት ነው። ከ30 ቦታ 5ቱን ለሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች መተው፣ ለኢንተርን ትራንስፖርት መቻል ሙዚየም አያከስርም።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድም ወይም እህት የምታስመዘግቡ፣ ለአዘጋጆቹ አንድ ነገር ንገሩልን፤ የተጣመመ እግር ብናይ አንቀየምም በሏቸው።